ሠናይትን ማን ያታልላታል?

በደብረ ታቦር ከተማ ሙሽራ ማስደንገጥ እንደ ሠናይት የተካነበት የለም። ይህን የምለው ላሞግሳት ብዬ አይደለም፤ ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ስለሆነ ነው። ሠናይት ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ትሠራለች። ኮሌጅ አብረዋት የተማሩ አምስት ጓደኞች ነበሯት። ነበሯት ስል ሞቱ ማለቴ አይደለም፣ እግዜር ያኑራቸው፤ አገቡና ባሕር ዳር ገቡ ማለቴ ነው። አምስቱንም ሚዜ ሆና የዳረቻቸው እሷ ናት። ከሠርጋቸው በፊትም አምስቱንም በየተራ ቅዳሜና እሑድ ባሕር ዳር ወስዳ፣ ብራይዳል ሻወር የሚባለውን የሙሽራ ድግስ ደግሳ፣ ጣና ዳር ያስጨፈረቻቸው እሷው ናት።

ዘዴዋ ሁልጊዜ አንድ ነበር። ሙሽራዋን “የእገሊት ሻወር ነው፤ ነይና አግዢኝ” ትላታለች። ሙሽራዋም የሌላ ሰው መስሏት ፊኛ ስትነፋ፣ ወንበር ስትደረድር ትውልና በመጨረሻ “ሙሽሪት” የሚለው ሪባን በገዛ ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ ጩኸቷን ትለቀዋለች። ከአምስቱ ቀልደኛዋ ትርንጎማ ለራሷ ሻወር ስልሳ ፊኛ ነፍታ ጉንጯ አብጦ ነበር። እስካሁን ይሳቅበታል።

ዘንድሮ እንግዲህ የሠናይት ተራ ደረሰ። አንበሳሜ ከተማ የሚያስተምር ሙሉቀን የሚባል ዝምተኛና ደግ ሰው ሽማግሌ ላከ፤ ሠርጉም ለግንቦት መጨረሻ ተቆረጠ። ጓደኞቿ ሚዜ ሊሆኗት አይችሉም። ባለትዳር ሚዜ የት አገር ታይቶ! ሚዜዎቿ የሙሉቀን የአጎት ልጆች ናቸው፤ የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች እንኳ ገና አልለየችም። እሱስ ግድ የለም፣ ብላ ተወችው። ሻወሩን ግን ልትተወው አልቻለችም። በሕይወቷ አንድ ቀን፣ እሷ ሳትለፋበት፣ ሰው ለእሷ ብሎ አንድ ነገር እንዲያዘጋጅላት ፈለገች። ይኸው ነው፤ ሌላ ምንም አልፈለገችም። “አዘጋጁልኝ” ብሎ መጠየቅ ደግሞ አይሆንም። ከተጠየቀ ምኑን ማስደንገጥ ሆነ?

ስለዚህ ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ጠበቀች። ምልክቱን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ አንዷ ትደውልና “ቅዳሜ ምን አለሽ?” ትላለች። ሠናይት ቅዳሜዎቿን ባዶ አደረገች። ልብስ አታጥብም፣ ዘመድ አትጠይቅም። ስልኩን ሙሉ ቻርጅ አድርጋ መስኮቱ ላይ ታስቀምጠውና አልጋዋ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። አንዱ ቅዳሜ አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ፤ የዚያን ቀን የደወለው የተሳሳተ ቁጥር ብቻ ነበር። እሱንም ቶሎ አልዘጋችውም።

በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ዓለሚቱ ደወለች። ከአምስቱ የቅርቧ እሷ ናት።

“ሠኒ፣ የፊታችን ቅዳሜ ምን አለሽ?”

ምልክቱ ይኸው መጣ። “ምንም የለኝ። ምነው?”

“እህቴ ቃልኪዳን ልታገባ ነው እኮ! ድንገት ነው የሆነው። ሻወሯን ካንቺ በቀር ማን ይይዝልኛል? ነይና አግዢኝ።”

ነይና አግዢኝ! ሠናይት ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ፣ አፏን በእጇ አፍና ሳቀች። የገዛ ዘዴዋን መልሰው በእሷው ላይ! ደግሞስ ቃልኪዳን? ያቺ ትናንት ዩኒቨርሲቲ የገባች ልጅ? ምናለ ሲዋሹ እንኳ ትንሽ ቢያስቡበት!

“እሺ፣ ምን ይደረግ፣ እመጣለሁ” አለች፣ የደከማት መስላ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ጥርጣሬዋን አጠነከረው። ዓለሚቱ ስለ ኬኩ ስትጠየቅ “አንቺ የምትወጂውን እዘዢ፤ የሚጻፍበትን ስም እኔ እነግራቸዋለሁ” አለች። ስሙን ለምን ደበቀችው ታዲያ? ትርንጎ ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት ቀሚስ ይልበስ ብላ የእሷንም ልክ ጠየቀቻት። ሠናይት የቀሚሱን ቀለም መረጠች፤ ጣና ዳር ያለውን ሆቴል፣ ጀልባውን፣ ዓሣውን ሁሉ በስልክ ጨረሰች። ሪባኑንም እዚያው ደብረ ታቦር አሠርታ፣ ተኩሳ፣ ማታ ክፍሏ ውስጥ ትከሻዋ ላይ አድርጋ አየችው። ከዚያም መስታወት ፊት ቆማ መደንገጥ ተለማመደች። አፍ መከፈት አለበት፣ ግን በልክ። እጅ ደረት ላይ።

ለሙሉቀንም ነገረችው። “ልጆቹ ሊያስደነግጡኝ ነው። ያላወቅሁ መስዬ ልሄድላቸው ነው።”

“ተመስገን” አለ ሙሉቀን። “እኔማ ሰው የላትም እንዴ ብዬ ሆዴን ሲበላኝ ነበር። ፎቶ ላኪልኝ እሺ?”

ቅዳሜ ማለዳ ከመናኸሪያ በሚኒባስ ተሳፈረች። የደብረ ታቦርን ብርድ በሹራብ ተሸፍና ወጥታ፣ ወረታ ላይ አወለቀችው፤ ሐሙሲትን ስታልፍ መስኮት ከፈተች። ባሕር ዳር በባጃጅና በሙዚቃ ደምቃ ጠበቀቻት። ሆቴሉ ውስጥ አምስቱም አቀፏት፣ ሳሟት፣ “አንቺ ባትኖሪ ምን እንሆን ነበር!” አሏት። ሠናይት ፊኛ መንፋት ጀመረች። ሌሎቹ በሹክሹክታ ሲነጋገሩ አየችና ወደ ግድግዳው ዞራ ፈገግ አለች። እንዲመቻቸው ብላ እኮ ነው! ስልሳኛውን ፊኛ ስታስር ጉንጯ አሟት ነበር፤ ሕመሙም ደስ አላት።

ስምንት ሰዓት ገደማ ትርንጎ ከመስኮቱ ሥር ዘላ ተነሣች።

“ዝም በሉ! ዝም በሉ! መጣች!”

ማን መጣች? አለች ሠናይት በልቧ። እኔ እዚህ አይደለሁ?

በሩ ተከፈተ። ዓይኗን በሻሽ የታሰረች አንዲት ቀጭን ልጅ በጓደኛዋ ተመርታ ገባች። ሻሹ ሲፈታ ሁሉም በአንድ ድምፅ ጮኹ። ቃልኪዳን ናት። ያቺ ሕፃን፣ እውነትም ልታገባ ነው።

“ሠኒ! ምን ትጠብቂያለሽ? ሪባኑን አድርጊላት እንጂ!” አለች ዓለሚቱ።

ሪባኑ በእጇ ነበር። አደረገችላት። ልጅቷ ከአጠገቧ ያገኘቻትን ሠናይትን አንገቷን አንቃ አለቀሰች። ጥሩ ልጅ ናት፤ ምንም ጥፋት የለባትም። ኬኩም መጣ፤ ሠናይት የምትወደው ብርቱካን ያለበት ኬክ፣ ላዩ ላይ “ቃልኪዳን” ተብሎ ተጽፎበት። ሠናይት እልል አለች፣ አጨበጨበች፣ ኬክ አከፋፈለች። ከፍቷት ነበር። በጣም ከፍቷት ነበር፤ ግን ሳህን የያዘች ሴት መከፋቷን ማን ያይላታል?

ወደ ጀልባው ሊሄዱ ሲነሡ ዓለሚቱ እጇን ያዘቻት። “የአንቺም እኮ ደርሷል፣ ሠኒዬ። ትርንጎ ‘እናዘጋጅላት’ ብላ ነበር። እኔ ነኝ ‘ተዪ’ ያልኳት። ሠናይትን ማን ያታልላታል? ገና ስንደውልላት ትነቃብንና መሳቂያ ታደርገናለች አልኩ።”

“እውነትሽን ነው” አለች ሠናይት፤ ሳቀችም። “እኔን ማታለልማ ከባድ ነው።”

“አትመጪም እንዴ? ጀልባው እኮ ሊሄድ ነው!”

“ቦርሳ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። ሂዱ፣ ሂዱ።”

ቃልኪዳን ሪባኑን አውልቃ “ውኃ እንዳይነካብኝ ያዢልኝ” አለቻትና እየሮጠች ወረደች። ሳቃቸው ወደ ሐይቁ ራቀ። ሠናይት በሰባት ቦርሳና በስልሳ ፊኛ መካከል ብቻዋን ቀረች። ስልኳ ጮኸ፤ ሙሉቀን ነው።

“እንዴት ሆነ? አስደነገጡሽ?”

“አስደነገጡኝ” አለችው።

“አለቀስሽ እንዴ? ድምፅሽ ልክ አይደለም።”

“የሙሽራ ነገር፣ ታውቀው የለ።”

“እሰይ! በይ ፎቶዋን። እናቴም ‘አሳየኝ’ ብላ አጠገቤ ቁጭ ብላለች።”

ስልኩን ዘግታ ሪባኑን ተመለከተችው። ስም አልተጻፈበትም፤ “ሙሽሪት” ብቻ ነው የሚለው። ብርጭቆ ልታነሣ የገባችውን አስተናጋጅ ጠራቻትና ስልኩን ሰጠቻት። ሪባኑን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ፊኛዎቹ ፊት ቆመች።

“ውይ! ሙሽራዋ እርስዎ ነዎት እንዴ?” አለች አስተናጋጇ። “እንኳን ደስ አለዎት!”

ያን ቀን እንኳን ደስ አለዎት ያላት እሷ ብቻ ናት። ሠናይት አመሰገነቻት። ከዚያም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ አፏን በልኩ ከፍታ፣ ስትለማመድ የሰነበተችውን ድንጋጤ ደነገጠች።

ፎቶውን ላከችው። መልሱ ወዲያው መጣ፦ “ሠኒዬ፣ እውነትም ደንግጠሻል። እናቴ ጓደኞቿ ይባረኩ ብላለች።”

ሪባኑን አውልቃ እንዳይጨማደድ በጥንቃቄ አጠፈችው። ቃልኪዳን ስትመለስ ትፈልገዋለች።