ከራጅ የተቆረጠ ልክ

አናጢው ዘመነ አምበር ከተማ ውስጥ ከእኔ ቤት ሁለት አጥር አልፎ ይኖራል። የኤሌክትሪክ መጋዝ የለውም። ያለው ቀጭን የእጅ መጋዝ፣ መላጊያ፣ መሮ፣ ሞረድና እንጨት የሚፍቅበት ስባሪ ብርጭቆ ነው። በዚህ ብቻ የመስኮት አናት ላይ የሚዞረውን ቅስት ክፈፍ ያወጣል። ዋንዛውን ጎበጥ ጎበጥ አድርጎ ይቆርጥና በኮላ ይገጥመዋል፤ መጋጠሚያው በጣት ተዳብሶ አይገኝም።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ጠማማ ነገር ዓይኔን ይቆረቁረኛል። ባለፈው ክረምት ሁለት ቅስት መስኮት አዘዝኩት። የመጀመሪያውን ሲገጥም የግራው ጎን ከቀኙ በአንድ ጣት ወፍሮ አገኘሁት። እንጨቱ ላይ አስቀምጦ በእርሳስ የሚያሰምርበትን ልክ የቆረጠው ከካርቶን ነበር፤ ካርቶኑ ዝናብ ጠጥቶ አብጧል።

"መምህር፣ ቀለም ሲቀባ አይታይም" አለኝ።

"እኔ ግን አየዋለሁ" አልኩት። ለመስቀል እንግዳ ስላለብኝ እንደገና ሠርቶ እስከዚያ እንዲያደርስ ነግሬው ገባሁ። ሲበዛ ነገረኛ ነኝ።

የዘመነ ባለቤት ሥራነሽ ያን ጊዜ ታማ ነበር። ማርቆስ ሆስፒታል ሄዳ ደረቷን ራጅ ተነስታ፣ ሐኪሙ ሳንባዋ ላይ ጥላ አይቶ፣ "ከሁለት ወር በኋላ ይኼን ፊልም ይዘሽ ነይ" ብሎ ሰጥቷታል። ዘመነ ከእኔ ዘንድ አንገቱን ደፍቶ ሲመለስ ፊልሙን ከራስጌዋ ያመጣችው እሷው ናት።

"ይኼ ዝናብ አይጠጣም፤ ቁረጠው። ሐኪሙ የጻፈው ወረቀት አለ አይደል?" አለችው።

ከተጻፈው ሌላ ሥዕሉም ይፈለጋል ብለው ሁለቱም አላሰቡም። እሷ ጫፉን ያዘች፣ እሱ በመቀስ ዞረ።

አዲሱ ክፈፍ ልክክ አለ። እንከን ፈልጌ አጣሁበት፤ ደስም አለኝ፣ አልዋሽም።

ከመስቀል በኋላ ማርቆስ ሲሄዱ ሐኪሙ ፊልሙን ጠየቀ፤ እሱ ግን ቅስት ሆኖ ተቆርጧል። ሌላ አስነሳት። ነገር ግን "ከበፊቱ ጋር ሳላስተያይ የቆየ ጠባሳ ይሁን እያደገ ያለ ነገር መለየት አልችልም፤ ሦስት ወር እንጠብቅ" አላት። በሁለተኛው ወር ሞተች። ፊልሙ ቢኖር ትድን ነበር ወይ? ማንም አያውቅም፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ይኼው ነው። ዘመነ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰኝም። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ባለሱቁ ሐምዱ "እንደ መምህሩ ያለ" መስኮት አዘዘው። ሥራ ቦታው ስደርስ ዘመነ ፊልሙን ግድግዳው ላይ ከተሰቀለበት ምስማር አውርዶ በእጅጌው ይጠርጋል።

"ሌላ ልክ ቁረጥ፣ ዘመነ። እባክህ" አልኩት።

"ልኩ ይኼ ነው፣ መምህር። እርስዎ ራስዎ አይተውታል" አለና ሳንቃው ላይ ዘረጋው። ፊልሙ እየተጠቀለለ አስቸገረው። "ጫፉን ይያዙልኝ እስቲ። እሷ ነበረች የምትይዝልኝ።"

ያዝኩለት። እርሳሱ የጎድን አጥንቶቿ የተቆረጡበትን ጠርዝ እየታከከ ዞረ። ጣቴን ከአጥንቱ ላይ ሸሸት አደረግኩ።

"አይንቀሳቀሱ፣ መምህር" አለኝ፣ "ይጣመምብናል።"