ከራስጌ በላይ የቀረው ብረት

አቶ አንጁሎን ለምታውቋቸው ሁሉ፤ አንጁሎ ዐርፈዋል። እየጻፍኩት እንኳ አላመንኩትም።

በዚያ ጠዋት የዕድሩ ጥሩምባ ሲነፋ፣ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ካለው ቤቴ በር ላይ መሰላል አቁሜ እሳቸውን እየጠበቅኩ ነበር። ማን ሞቶ ይሆን፣ አንጁሎ ሲመጡ እጠይቃቸዋለሁ አልኩ። ለካ የሞቱት እሳቸው ናቸው። ማታ ደህና እደሩ ብለውን የሄዱ ሰው በተኙበት ቀሩ።

ሥራቸው ግድግዳ ላይ የዕቃ መያዣ ብረት መትከል ነበር። ባለቤቴ አልጋ ከያዘች ቆይታለች፤ የአርባ ምንጭ ሙቀት ጠናባትና ከራስጌዋ በላይ የማራገቢያ መያዣ እንዲተክሉልኝ ጠራኋቸው። የድንጋይ ግድግዳውን በጉልምስናዬ የገነባሁት እኔ ነኝ፤ አንዱ ጋ ያበጠ፣ አንዱ ጋ የጎደጎደ ነው።

«ይሄን ስትሠራ ቱምቢ አልነበረህም?» አሉኝ በመዳፋቸው እየዳበሱ።

«ነበረኝ። ድንጋዩ ነው ያልሰማኝ።»

«አንተን ያልሰማ እኔንም አይሰማም» ብለው ሳቁ። ሌላ ሰው ቢሆን ቡሎኑን አጥብቆ ብረቱን ያጣምመው ነበር። እሳቸው ግን በጎደለው በኩል ቁራጭ ብረት እየደረቡ፣ ሲሚንቶ እየጠቀጠቁ አስቀመጡት። «ግድግዳን አትቆጣው፤ የጎደለውን ሙላለት» ይሉ ነበር ሁልጊዜ።

ልማዳቸውን ታውቃላችሁ። ሲሚንቶው ሳይደርቅ፣ እሳቸውም በሁለት እጃቸው ሳይንጠለጠሉበት ዕቃ አይሰቀልም። በጫሞ ሐይቅ ዳር ለዓሣ ሻጮቹ የሚዛን መስቀያ ከተከሉላቸው በኋላም ማንም ሳይጠራቸው ተመልሰው ይነቀንቁት ነበር። «ጋሼ፣ ምን ረሱ?» ስትላቸው አንዷ፣ «እጄን» ብለዋታል።

የመጨረሻዋ ማታ ጎራ ብለው ሲሚንቶውን በጥፍራቸው ጫሩት። «ነገ ይደርሳል። ሰው ያልቻለ ብረት ከሰው ራስጌ በላይ አይዋል፤ ሳልመጣ እንዳትሰቅሉ» አሉን።

ከቀብራቸው በኋላ ብረቱ ባዶውን ከረመ። ባለቤቴ እያላባት እንኳ «እሳቸው ሳይሉ?» እያለች ከለከለችኝ።

አንጁሎ ወንድሜ፣ ትናንት ጎረቤቶች አልጋዋን ፈቀቅ አደረጉልኝና በእርስዎ ፋንታ እኔ ብረቱን በሁለት እጄ ያዝኩት። «ተው አንተ ሰውዬ፣ ትወድቃለህ» አለችኝ። እግሬን ከመሬት አነሣሁ። ብረቱ ንቅንቅ አላለም፤ የተንቀጠቀጥኩት እኔ ነኝ።

ማራገቢያውን ሰቅለናል። አሁን እየነፈሰላት ተኝታለች። እርስዎም ሥራ ቀረኝ ብለው አያስቡ፤ ይረፉ።