በብርዝ የቆመው አውቶቡስ

ከአገር የወጣሁ ማታ ጉለሌ ብርድ ነበር። ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ የአጥራችንን ቆርቆሮ ያንቋቋዋል። እማዬ እጇን ራሴ ላይ ጭና እያለቀሰች ጸለየችልኝ፤ ከአሜን በኋላ እንባዋን ሳትጠርግ አንድ ጣሳ ማር ሻንጣዬ ውስጥ ጎሰጎሰች። «ሸሚዞቼ ይበላሻሉ» ብላት፣ «ሸሚዝ እዚያ አይጠፋም» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ስዊድን ሸሚዝ ሞልቷል።

ባለቤቴ ቀድማኝ እዚህ ስለነበረች የመጣሁት በአውሮፕላን ነው። በበረሃና በባሕር በመጡ ወንድሞቼ ፊት የመንገዴን ታሪክ ለማውራት አፍራለሁ። የኔ ባሕር የጀመረው ከደረስኩ በኋላ ነው። ከሸጎሌ ፒያሳ ሚኒባስ ስነዳ የኖርኩትን ሰው፣ ቋንቋ ተማር፣ መንጃ ፈቃድ እንደ አዲስ አውጣ አሉኝ። ሳህን እያጠብኩ እንደምንም ጨረስኩና የከተማ አውቶቡስ ላይ ለሙከራ ተቀጠርኩ። ሙከራውን ካለፍኩ ቋሚ እሆናለሁ፣ የዓመት ፈቃድ ወስጄም እማዬን አያታለሁ። ካላለፍኩ ወደ ሳህኑ መመለሴ ነው።

እዚህ አገር ሹፌሩን አውቶቡሱ ራሱ ያሸተዋል። መሣሪያውን አልኮሎስ ይሉታል፤ በቱቦው ካልነፋህና ንጹህ ካልሆንክ ሞተሩ አይነሳም። እኛ ጋ ይህ የተሳፋሪ ሥራ ነው፤ ሹፌሩ መጠጥ መጠጥ ከሸተታቸው እናቶች ነጠላቸውን ሰብስበው «ወራጅ አለ!» ይላሉ። እኔ ጠላ እንኳ ያልቀመስኩ የጴንጤ ልጅ ስለሆንኩ በየጠዋቱ የምነፋው ደረቴን ነፍቼ ነበር።

ለፋሲካ የጸሎት ጓደኞቻችንን ቤት ጠራንና በእማዬ ማር ብርዝ በጠበጥኩ። ማርና ውሃ ነው እንግዲህ፤ ጠጅ ለማይጠጣ ሰው የሚቀርብ። ሐሙስ በጥብጬ ወጥ ቤት ጥግ፣ የግድግዳው ማሞቂያ አጠገብ አስቀመጥኩት። ጉለሌ ውስጥ የሚሞቅ ግድግዳ እንደሌለ አላሰብኩም። እሁድ ሲቀዳ ፈላ ፈላ ይላል፤ እንግዶቼም አመሰገኑኝ። መዝሙራችንም ያን ቀን ለጉድ ደመቀ። ከተረፈው ሰኞ ጠዋት በዳቦ ጠጥቼ ሥራ ገባሁ።

ነፋሁ፤ ቀይ በራ። ደግሜ ነፋሁ፤ አሁንም ቀይ። አለቃዬ ኢንግሪድ የእጅ መመርመሪያ ይዛ መጣች። ፀጉሯ የሸበተ ሴትዮ ናት፤ እዚህ ግን ትልቅ ሰውም በስሙ ነው የሚጠራው፣ እስካሁን አፌን ይይዘኛል።

«ጠጥተሃል?»

«በሕይወቴ ጠጥቼ አላውቅም!»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት።»

«እኔ እኮ ጴንጤ ነኝ!»

«መሣሪያው ሃይማኖት አይጠይቅም» አለችና የእጁን አስነፋችኝ። ያው ነው። «ጠዋት ምን ቀመስክ?»

«ዳቦ። እ... ማርና ውሃ።»

«ውሃው የት ነበር የተቀመጠው?»

«ማሞቂያው አጠገብ። ከሐሙስ ጀምሮ።»

ትክ ብላ አየችኝ። «ይህማ ምዮድ ነው፣ የማር መጠጥ! የድሮ አያቶቻችን ይሰክሩበት ነበር።» ሳቋን ዋጥ አደረገችና፣ «ደንብ ደንብ ነው፤ ዛሬ አትነዳም። አውቀህ እንዳልሆነ ለበላይ እነግራለሁ። ነገ ንጹህ ከሆንክ ሙከራህ ይቀጥላል» አለችኝ።

በራሴ መስመር ተሳፋሪ ሆኜ ወደ ቤት ተመለስኩ። አልዋሽም፣ መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። የቀረውን ብርዝ ደፋሁት። በማግስቱ ነፋሁና አረንጓዴ በራ። ሞተሩ ሲነሳ «ሃሌ ሉያ!» ብዬ ስጮኽ ኢንግሪድ በመስኮት አውራ ጣቷን አሳየችኝ።

ከሥራ ስወጣ ለእማዬ ደወልኩላት።

«እማዬ፣ ብርዝ ሙቀት ካገኘ ጠጅ እንደሚሆን ታውቂ ነበር?»

«ሙቀት ስትል... ምድጃ አጠገብ ማለትህ ነው?»

«አዎ።»

«ሁለት ሦስት ቀን ቢቀመጥ?»

«በደንብ ነዋ።»

ድምጿን ዝቅ አደረገች። «በል ይህን ለማንም እንዳታወራ። ፓስተራችን በየበዓሉ ‹የእርስዎን ብርዝ የሚያህል የለም› እያሉ ሦስት ብርጭቆ ነው የሚጠጡት።»

ያን ጊዜ ሳቅ ገደለን። እሷ እያሳላት ትስቃለች፤ እኔ መንገድ ላይ ቆሜ እንደ ልጅ ናፈቀችኝ። መቼ እንደምመጣ ጠየቀችኝ። ቋሚ ስሆን አልኳት።

«እንግዲያው ቶሎ ሁን» አለችኝ፤ «በየእሁዱ ፓስተሩ ፊት ተቀምጬ ይህን ሳቅ ብቻዬን አልችለውም።»