ሞሎኪያም ቦታ ይፈልጋል

አማን ውስጥ፣ ጁበይሃ ሰፈር የቤት ሠራተኛ ሆኜ ሥራ በጀመርኩበት ቀን ማዳም፣ የቤቱ እመቤት፣ አንድ ጆንያ ሙሉ ሞሎኪያ፣ ደርቆ ለወጥ የሚሆን ቅጠል፣ አሸክማ ጣሪያ ላይ ሰደደችኝ። «ፀሐይ ላይ አስጪው» አለች። ከውሃ ታንከሮቹና ከልብስ ማስጫው ገመድ አጠገብ ጥቁር፣ ንጹሕ፣ የሞቀ መስታወት ተደርድሯል። ከዚህ የተሻለ ማስጫ የት ይገኛል? አንሶላ አነጠፍኩበትና ቅጠሉን በተንኩት።

መስታወቱ ለካ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ፓኔል ኖሯል። እኩለ ቀን ላይ ፓኔሉን የገጠመው መሐንዲስ ሪያድ እያለከለከ ደረጃውን ወጣ። የቤቱ ኃይል መውደቁን ስልኩ ላይ አይቷል። ማዳም ከኋላው ደረሰችና «ደርቋል?» አለችኝ። ስለ መብራቱ አልጠየቀችም።

ሪያድ ያን ቀን ሰደበኝ። የቤት ሥራ ውሌ ሲያልቅ ግን ራሱ ፓኔል አጣቢ አድርጎ ቀጠረኝ፤ የሥራ ፈቃዴም በእሱ እጅ ገባ። መሣሪያዬ ባልዲ፣ ለስላሳ ብሩሽና የጎማ መጥረጊያ ነው። መስታወቱ ሳይግል በጠዋት ይታጠባል። በጋለው ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከደፋሽበት ይሰነጠቃል።

ፈቃዴ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሪያድ ትልቅ ሐሳብ መጣለት፤ የአማን ጣሪያዎች በሙሉ ፓኔል ቢለብሱ ለከተማዋ መብራት ይበቃሉ። ከሰማይ የተነሣ ፎቶ ላይ ጣሪያዎቹን ቀለም ቀብቶ ስፋታቸውን ደመረ። ላም አለኝ በሰማይ።

ሽሜሳኒ ሰፈር ባለው ቢሯችን ሥዕሉን ለሙዲሩ፣ ለአለቃችን ማለት ነው፣ ሲያሳይ እኔ የፈቃዴን ማደሻ ሪያድን ላስፈርም ቆሜ ነበር። ሙዲሩ ወደ እኔ ዞረ።

«ጣሪያ ላይ የምትውዪው አንቺ ነሽ። ይህ ሁሉ ፓኔል ይገባል?»

ሪያድ አፈጠጠብኝ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የእሱ ራስ ቀድሞ ተመልጧል፣ የእኔም አፍ አመለጠ።

«ሙዲር፣ ታንከሮቹ የት ይሂዱ? ውሃ የሚመጣው በሳምንት አንዴ ነው። የደረጃው ቤት ጥላም አለ። ልብስም ይሰጣበታል። ለፓኔል የሚተርፈው ግማሽም አይሞላም።»

«ታንከር ይነሣል» አለ ሪያድ።

«ኻላስ፣ በቃ፣ ከአንተ ቤት እንጀምር» አለ ሙዲሩ። «መጀመሪያ ሚስትህን አስፈቅድ።»

ሪያድ የፈቃድ ወረቀቴን ይዞ ሄደ። ፈቃዴም ሳይፈረም ቀረ። ፈራሁ፤ እሱ ካልፈረመ ሻንጣዬን ይዤ አገሬ መግባቴ ነው። ምላሴን ረገምኩት።

በሳምንቱ ጀበል አል-ወይብደህ ሰፈር አንድ ጣሪያ ላይ ስሠራ ሪያድ ወረቀትና ጠመኔ ይዞ መጣ።

«ሚስቴ ታንከሩ አይነሣም አለች። ያላ፣ ነይ፣ ጥላው የሚደርስበትን አስምሪልኝ። የጎደለውን ቦታ ከከተማ ውጭ በረሃው ላይ እንፈልጋለን።»

መጀመሪያ ወረቀቱን ተቀበልኩ። ፈቃዴ ነበር፤ ፊርማው እንዳለበት አየሁና ጠመኔውን ያዝኩ።

ለአዳዲስ አጣቢዎችም ለመሐንዲሶችም የምለው አንድ ነው። ጣሪያ ከመለካታችሁ በፊት ጠዋትም ከሰዓትም ውጡና ቁሙበት። ከሥሩ ሰው ይኖራል። ሞሎኪያም ቦታ ይፈልጋል።