ፊልሙ «ደቡብ ነው» አለ፣ እትዬ ጥሩወርቅ «ደባርቅ ነው» አሉ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት... ደባርቅ ላይ ጉም ወርዶ የጎረቤት አጥር እንኳ አይታይም። ትምህርት የለም። እኔ ጋቢዬን ደርቤ ላፕቶፔ ላይ አሮጌ ፊልም እጎረጉራለሁ። የታሪክ መምህር ስለሆንኩ ነው እላለሁ እንጂ ሱስ ነው።

በሶቪየት ዘመን ሩሲያውያን ስለ ኢትዮጵያ የሠሩት አንድ ዘጋቢ ፊልም አገኘሁ። ትራክተር፣ ሰልፍ፣ ባንዲራ... ከዚያ ባለ መስመር ልብስ የለበሱ ወጣቶች ክብ ሠርተው ሲጨፍሩ መጣ። ተራኪው በሩሲያኛ ይለፈልፋል፤ ከሥር ያለው የእንግሊዝኛ ትርጉም «የደቡብ ኢትዮጵያ ገበሬዎች ምርታቸውን በዘፈን ሲቀበሉ» ይላል።

አከራዬ እትዬ ጥሩወርቅ የታጠበ ልብስ ተሸክመው በደጄ ሲያልፉ ቆም አሉ።

«መምህር፣ ይኸን ከየት አመጣኸው?»

«የሩሲያ ፊልም ነው እትዬ። የደቡብ ጭፈራ እያሳየ ነው።»

«የምን ደቡብ! ደባርቅ ነው እንጂ!»

ሳቄ መጣ። «ኧረ እትዬ፣ ተጽፏል እኮ...»

«የጻፈው ይጻፍ! ትከሻውን አታየውም? እግሩን ተምረነዋል፤ ትከሻው ግን እምቢ ብሎን ቀረ።»

ጠጋ ብዬ አየሁ። እውነትም... ከወገብ በታች ሌላ አገር፣ ከወገብ በላይ የለየለት የጎንደር እስክስታ!

ለካ እትዬ ጥሩወርቅ በደርግ ጊዜ የከተማው ኪነት ቡድን አባል ነበሩ። ደሞዝ የለው ምን የለው፣ ከትምህርትና ከሥራ መልስ ነው የሚጨፈረው። እንግዳ ሲመጣ ታዲያ የራስን ብቻ አሳይቶ መሄድ የለም፤ የአገሩን ብሔረሰብ ሁሉ ጭፈራ በየልብሱ ማሳየት ግዴታ ነው።

«ልብሱን ከየት አመጣችሁት?»

«ከብርድ ልብስ ሰፋነዋ! ዘፈኑን ደግሞ ከራዲዮ በቃል ያዝነው። ትርጉሙን እስከ ዛሬም አላውቀው።»

ሩሲያውያኑ ልብሱን አይተው ደቡብ ነው ብለው አረፉት። እኔ በሳቅ ስፈርስ የእትዬ ፊት ተለወጠ። የተሸከሙትን ልብስ መሬት ላይ ለቀቁት።

«ይኸ... ከበሮ የያዘው... መላኩ ነው። ወንድሜ ነው።»

መላኩን በስም አውቀዋለሁ። በቡድኑ ውስጥ ዘፈን አውጪው እሱ፣ ከተቀባዮቹ አንዷ እሳቸው ነበሩ። ከዚያ ወደ ጦርነት ሄደ፤ መርዶው እንጂ እሱ አልተመለሰም። አንድ ፎቶ እንኳ ስላልነበረው ለቅሶው ላይ ጋቢውን ይዘው ነው ያለቀሱለት። የእትዬ ልጆች አጎታቸውን በመልክ አያውቁትም።

እኔ ግን ፈራሁ። ምስሉ ደብዛዛ ነው፤ የልጁ ፊት ግማሹ ጥላ ውስጥ ነው። ሰው የናፈቀውን በሰው ሁሉ ፊት ላይ ያያል። ባይሆንስ? እሳቸውም ፈርተዋል መሰለኝ...

«ድምፁን ብሰማ እለየው ነበር። ይኸ ሰውዬ ምናለ አንዴ ዝም ቢልልኝ!»

ሰውዬው ዝም የሚል አይደለም። ጭፈራውን ከመነሻው መልሼ ከፈትኩት። ከወሬው ሥር ከበሮው ብቻ ድም ድም ይላል።

እትዬ ጥሩወርቅ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በእጃቸው ጉልበታቸውን መታ መታ አደረጉና... መቀበል ጀመሩ። አውጪው የሚዘፍንበት ቦታ ላይ ዝም ይላሉ፤ ተራቸው ሲደርስ ይቀበላሉ። ተራኪው ያወራል፣ እሳቸው ትርጉሙን የማያውቁትን ዘፈን ይዘፍናሉ።

ድንገት ተራኪው ዝም አለ።

ዘፈኑ ከፊልሙ ውስጥ ወጣ... የፊልሙ ተቀባዮችና እትዬ ጥሩወርቅ እኩል፣ በአንድ ቃል ላይ፣ በአንድ ምት ላይ! ዝንፍ ያለ ነገር የለም። ያን ሁሉ ዘመን ሳያቋርጡ አብረው ሲዘፍኑ የኖሩ ነው የሚመስሉት።

ከዚያ ተቀባዮቹ ዝም ሲሉ አንድ የወጣት ድምፅ ለብቻው ወጣ። ወፈር ያለ፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ የሚርገበገብ።

እትዬ ዓይናቸውን ገለጡ።

«መላኩዬ... አለህ እንዴ?» አሉት።

ተራኪው ተመልሶ መጣና ሸፈነው። እኛ ግን ሰምተናል። ሁለታችንም እንባ በእንባ ሆንን። ምን ብዬ ልንገራችሁ... ተአምር ነው የምለው።

ሰኞ ዕለት ምስሉን ፎቶ ቤት ወስደን አሳተምነው። ባለ ፎቶ ቤቱ ለሟች ፎቶ እንደለመደው «በኮምፒውተር ሱፍ ላልብሰው?» አለ።

«ኧረ ተወው! ሲዘፍን የለበሰውን ማን አውልቅ አለህ!» ብለው እትዬ ጮኹበት።

አሁን ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የገባ እንግዳ ሁሉ አለባበሱን አይቶ «የየት አገር ሰው ነው?» ይላቸዋል። የእትዬ ጥሩወርቅ መልስ አንድ ነው... «የኛ!»