ጋሽ ሚሊ የደበቃቸው ክኒኖች

«ጋሽ ሚሊ» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። ሌላው ልብስ ሰፊ ስለ ሴንቲ ሜትር ሲያወራ እሱ ስለ ሚሊ ሜትር ይጨቃጨቃል። «የግራ ትከሻህ ከቀኙ በአራት ሚሊ ዝቅ ይላል፤ ቦርሳህን የምትይዘው በየትኛው ነው?» ይላል። ዕድሜውን ሙሉ ሁለቱም ትከሻዎቹ እኩል ይመስሉት የነበረ ሰው ደንግጦ ወደ መስታወቱ ይዞራል። የሥራ ቦታው አንድ አሮጌ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ በመተላለፊያው መጨረሻ ያለች ክፍል ናት። አንድ መስኮት፣ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና፣ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ እጅጌ ያልተገጠመላቸው ኮቶች ተደርድረው ይንጠለጠላሉ።

ሙያውን ያስተማረው ታላቅ ወንድሙ ነው። ሁለቱም ስፒላቸውን በከንፈራቸው ይዘው ይሠሩ ነበር፤ ክርም በመቀስ ሳይሆን በጥርሳቸው ይበጥሱ ነበር። «መቀስ እስክታነሳ ሁለት ስፌት ያመልጥሃል» ይለው ነበር ወንድሙ። አርባ ዓመት አለፈ፤ ልማዱ ግን ከጋሽ ሚሊ አፍ አልወጣም።

ወንድሙን የገደለው ስኳር ነው። መጀመሪያ የእግሩ ጣት ቆሰለና አልድን አለ። ቀጥሎ ኩላሊቱ ደከመ። በመጨረሻም በሳምንት ሦስት ቀን ደሙን በማሽን እያሳጠበ አንድ ዓመት ከአራት ወር ኖረ። ጋሽ ሚሊ አጠገቡ እየተቀመጠ ደሙ በቀጭኑ ቱቦ ሲወጣና ሲመለስ ያይ ነበር። አንድ ቀን ወንድሙ ቱቦውን አተኩሮ ተመለከተና «ይህን ያህል ቀይ ክር ተተርትሮ አንድ ቁልፍ እንኳ አልተተከለበትም» ብሎ ሳቀ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ከጆሮው አልጠፋም።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ለእሱም «ስኳር አለብህ» ሲሉት፣ ከበሽታው ይልቅ ያችን የማሽን ክፍል የፈራው ለዚህ ነው። ፍርሃቱም ለቀጠሮ መዘጋጀትን አስተማረው። ቀጠሮው ሦስት ቀን ሲቀረው ዳቦ ይተዋል፣ ሻዩን መራራውን ይጠጣል፣ ሥራ ቦታው ድረስ በእግሩ ይሄዳል። በባዶ ሆዱ ጣቱን ሲወጉት የሚወጣው ቁጥር ያማረ ይሆናል። ነርሷም «ምነው ሁሉም ታካሚ እንደ እርስዎ በሆነልን» ትለዋለች። በማግሥቱ ሁለቱ ማንኪያ ስኳር ወደ ሻዩ ይመለሳል።

ድዱ መድማት የጀመረው ከአራት ዓመት በፊት ነው። ጠዋት አፉን ሲጉመጠመጥ ውሃው ይቀላል። ቆይቶ ድዱ አበጠ፤ ሁለቱ የፊት ጥርሶቹም መነቃነቅ ያዙ። ክር ሲበጥስ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ጥርስ ሐኪም ጋ ግን አልሄደም። የፊት ጥርስ የሌለው ልብስ ሰፊ ለእሱ መዶሻ የሌለው አናጺ ነበር። ከመድኃኒት ቤት የሕመም ማስታገሻ ክኒን እየገዛ፣ ቁልፍ በሚያጠራቅምበት ቆርቆሮ ውስጥ ይደብቅ ጀመር። መጀመሪያ ሲያመው ብቻ ነበር፤ በኋላ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፤ ሥራ ሲበዛ ሦስት። ለሚስቱ ትንፍሽ አላለም። ካወቀች እጁን ይዛ ጥርስ ሐኪሙ ወንበር ላይ እንደምታስቀምጠው አላጣውም።

አንድ ቀን ግን ካልሲውን ሲያወልቅ አየችው። የካልሲው ጠርዝ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጥልቅ ቀለበት ጥሏል። በጣቷ ጫን ብታደርገው ጉድጓዱ እዚያው ቀረ።

«አንተ ሰው፣ እግርህ ምን ሆኗል?»

«መኪና ስረግጥ ውዬ ነው።»

«መኪናውን ሠላሳ ዓመት ረግጠኸዋል። ገና ዛሬ ነው የተቀየመህ?»

በሳምንቱ ሐኪም ቤት ይዛው ሄደች። የተቀበለቻቸው ሐኪም አዲስ ናት፤ ደምም ሽንትም አስመረመረች። ውጤቱ ሲመጣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«የዛሬ ጠዋቱ ስኳርዎ ጥሩ ነው» አለች። ጋሽ ሚሊ ሚስቱን በኩራት አየት አደረጋት። «ይኸኛው ምርመራ ግን ያለፉትን ሦስት ወራት ነው የሚያሳየው። እሱ ጥሩ አይደለም። ሽንትዎ ውስጥ ፕሮቲን አለ። ኩላሊትዎም ከሚጠበቅበት ሠላሳ ስምንት በመቶ ያህሉን ነው የሚሠራው።»

ሚስቱ ሻርፗን ወደ አፏ ወሰደች።

«በምን ምክንያት?» አለ።

«ቁስል ሲቀላ፣ ሲያብጥ፣ ሲያቃጥል አይተዋል አይደል? ብግነት እንለዋለን። ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ የደም ሥሮችን የውስጥ ገጽ እንደዚያ ያስቆጣዋል፤ ነገር ግን ቦታው ስለማይታይ ሰው አያውቀውም። ኩላሊት ደግሞ የቀጫጭን ደም ሥሮች ስብስብ ነው። ሲቆጣ ይኖርና ጠባሳ ይሆናል። ልብም፣ ዓይንም፣ እግርም ከዚህ አያመልጡም።»

«እኔ ግን የቆሰለ ነገር የለኝም።»

«እስቲ አፍዎን ይክፈቱ።» በትንሽ መብራት አየችና ፊቷ ተለወጠ። «ይኸው ብግነት። ስኳር ድድን ያባብሳል፤ የተቆጣ ድድም ስኳሩን አልወርድ ያሰኘዋል። አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ ነው የኖሩት። አያምዎትም?»

«ትንሽ።»

«ለሕመሙ የሚወስዱት ክኒን አለ?»

ሚስቱ አጠገቡ ናት። ቆርቆሮው በዓይኑ መጣ። «የለም» አለ፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ሐኪሟ የደም ግፊት የሚያወርድና ለኩላሊት የሚረዳ መድኃኒት ጀመረችለት። ደሙ እንደገና እንዲታይም በሁለት ሳምንት ቀጠረችው።

በቀጠሮው ዋዜማ አንድ ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ለሙሉ ልብስ ሊለካ መጣ። ጋሽ ሚሊ ሜትሩን ወገቡ ላይ ሲያዞር ሰውየው ትንፋሹን ዋጠ።

«ልቀቀው» አለው።

«ምኑን?»

«ሆድህን ነዋ።»

«ኧረ ይኸው ነው ሆዴ።»

«ስማኝማ፤ እኔ ሜትሬን ስጠቀልል አንተ ትተነፍሳለህ። ኮቱ ግን አብሮህ አይተነፍስም። እኔን ልታስደስት ብለህ ብትስበው የሚጠበው አንተን ነው።»

«ሚስቴ እንዳትሰማ ብቻ» አለ ዳይሬክተሩ ሳቅ እያለ፤ ለቀቀውም። ሜትሩ ስድስት ሴንቲ ፈቀቅ አለ።

ጋሽ ሚሊ ቁጥሩን ሊጽፍ እርሳሱን አነሳ። ዳይሬክተሩ ጠበቀ፤ እርሳሱ ግን ወረቀቱን አልነካም። የአሥራ አንድ ዓመት ቀጠሮዎቹ፣ የነርሷ ምስጋና፣ ያቺ «የለም» ያላት አንዲት ቃል ተራ በተራ በፊቱ አለፉ። ለነገው ቀጠሮም ሊዘጋጅ ከዳቦ ከተለየ ሁለተኛ ቀኑ ነበር።

«ምነው፣ ያን ያህል ሰፋሁ እንዴ?»

«የለም፣ አንተ ደህና ነህ» አለ። «ቁጥሩ ጠፍቶብኝ ነው።» ቁጥር ጠፍቶበት አያውቅም።

በማግሥቱ ብቻውን ሄደ። ሐኪሟ አዲሱን ውጤት ይዛ ግራ ገብቷት ነበር፤ ሠላሳ ስምንቱ ወደ ሠላሳ ሦስት ወርዷል። እሱም በቁራጭ ገበር የቋጠረውን ክኒን አውጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ ፈታው።

«በቀን ስንት?» አለች።

«ሁለት። ሥራ ሲበዛ ሦስት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አራት ዓመት ሊሞላው ነው።»

ክኒኖቹን ወደ ራሷ ሳበች። «ይህ ክኒን ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳል። እኔ ከሰጠሁዎት ጋር ሲገናኝ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል።»

«ያን ዕለት ብናገር ኖሮስ?»

«አስቀድሜ ይኸን አስጥልዎት ነበር።»

«የሄደው ይመለሳል?»

«ሰሞኑን የወረደው ሊመለስ ይችላል። ጠባሳ የሆነው ግን አይመለስም።»

«ወንድሜ ማሽን ላይ ነው ያለቀው» አለ፤ ለምን እንደተናገረው ሳያውቅ።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እርስዎ እዚያ አልደረሱም። እንዳይደርሱ አብረን እንሠራለን። አይደርሱም ብዬ ግን አልዋሽዎትም።»

ለሚስቱ መንገሩ ከዚህ ከበደው። ልብስ እያጣጠፈች ነበር ያገኛት። ነግሯት ሲጨርስ አንሶላውን ፈታችና እንደገና ማጠፍ ጀመረች።

«እኔ አጠገብህ ቁጭ ብዬ?»

«አጠገቤ ቁጭ ብለሽ።»

«የወንድምህን ቁስል ያጠብኩት እኔ ነኝ። የምትፈራውን የማላውቅ መስሎህ ነው?»

መልሱን ሳትጠብቅ አንሶላውን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች።

ሁለቱ ጥርሶች ተነቀሉ፤ ድዱም በአራት ቀጠሮ ታጠበ፣ ተጠረገ። የሚስቱ ቂም ግን ቶሎ አልጸዳም። ከሦስት ወር በኋላ አብራው መጣችና የሐኪሟ በር ላይ ሲደርሱ መተላለፊያው ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። «አልገባም» አለች። «አንዴ ቁጭ ብዬ ስትዋሽ ሰምቻለሁ።»

እሱም ብቻውን ገባ። ለዚህኛው ቀጠሮ አልተዘጋጀም፤ ሁሌ የሚበላውን በልቶ ነበር የሰነበተው። የጠዋቱ ስኳር እንደ ድሮው አላማረም። ሐኪሟ «ይህ እውነተኛው ነው፤ ከዚህ እንጀምራለን» አለችው።

ሲወጣ ሚስቱ ቀና አለች። «ስንት አለች?»

«አርባ አንድ።»

«ከመቶ?»

«ከመቶ።»

አጠገቧ ተቀመጠ። ወረቀቱን ተቀብላው ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ የጠዋቱን የስኳር ቁጥር ስታገኝ ጣቷ እዚያ ላይ ቆየ።

«ይኸኛውስ? ከፍ ብሏል።»

«አዎ። ትናንትና ሁለት ዳቦ በልቻለሁ።»

ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«የሚቀጥለው መቼ ነው?»

«ከሦስት ወር በኋላ።»

«እገባለሁ» አለች።