የጋሽ እርጥቡ ብልቃጦች

መነጽር ቤት ወረፋ ስንጠብቅ ነው የተዋወቅነው። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ከቦርሳዋ የተሰበረ የወንድ መነጽር አውጥታ በሻርፗ ጫፍ ስትወለውል፣ «የባለቤትዎ ነው?» አልኳት። «የለም፣ የበደልኳቸው ሰው ነው» ብላ ሳቀች። ከዚህ በኋላ ወረፋው ቢረዝም ማን ቅር ይለዋል?

ሥራዋ ምርምር ነው። በዛጎል ውስጥ የሚኖሩ የባሕር እንስሳትን ታጠናለች፤ ታጠናለች ሲባል ግን ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ ነው። ላቦራቶሪው የእንስሳቱን ዲኤንኤ አንብቦ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ፊደላት ይልክላታል፤ እሷ ፕሮግራም እየጻፈች የትኛው የማን እንደሆነ ትለያለች። ስትጀምር የምትለየው ሆዳቸው ውስጥ የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች ነበር። እናቷ ለጎረቤት ሲያወሩ፣ «የባሕር ሊቅ ወልጃለሁ፤ ዋና ግን አትችልም» ይላሉ።

ባሕሩ ውስጥ የሚገቡላት አንድ አዛውንት ጠላቂ ናቸው። ጸጉራቸው ደርቆ ታይቶ ስለማያውቅ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ጋሽ እርጥቡ ይላቸዋል። ዛጎሎቹን ይለቅማሉ፣ ከእያንዳንዱ ደምና ሥጋ ይወስዳሉ፣ ብልቃጡ ላይ በእርሳስ ቁጥር ጽፈው ይልኩላታል። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ተግባብተው ኖሩ።

አንድ ጊዜ ካንሰር የያዛቸው ዛጎሎች መጡ። ፊደላቱን ስታይ ጉድ ሆነባት፤ የዛጎሉ ሥጋ ሌላ፣ እዚያው ዛጎል ደም ውስጥ የተገኘው ካንሰር ሌላ። ካንሰር ከገዛ አካል የሚበቅል ስለሆነ ዲኤንኤው የባለቤቱን መምሰል ነበረበት። «ጋሽ እርጥቡ ብልቃጦቹን ደባልቀዋል» ብላ ለአለቃ ጻፈች። ሳምንት ሳይሞላ ሽማግሌው ከባሕር ተነሥተው ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደቡ።

«እኔ አልደባለቅኩም፣ ልጄ» ነበር ያሏት የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ሲረከቡ። አልተቆጡም። አለመቆጣታቸው ነው እንደገና እንድታጣራ ያደረጋት።

ከሌላ ወደብ፣ በሌላ ሰው እጅ የተለቀሙ ዛጎሎች አስመጣች። ያው ሆነ። ጭራሽ የሁሉም ካንሰር እርስ በርሱ መንትያ ሆኖ ተገኘ። ያን ጊዜ ገባት፤ ካንሰሩ ድሮ ከአንድ ዛጎል ተነሥቶ በውሃው እየተንሳፈፈ ወደ ሌላው የሚገባ እንግዳ ነው እንጂ፣ ማንም ምንም አልደባለቀም። ሌላ ሰው ቢሆን በግኝቱ ይጨፍር ነበር። እሷ ግን የመጀመሪያውን ደብዳቤ የሚሽር ሌላ ጻፈችና ቅጂውን ይዛ ግምጃ ቤት ወረደች።

ጋሽ እርጥቡ ጓንት እያጠፉ ነበር። ወረቀቱን አንዴ አርቀው፣ አንዴ አቅርበው በስንት መከራ አነበቡት።

«ታዲያ ደባላቂው ማን ሆነ?»

«ካንሰሩ ራሱ፣ ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ብያለሁ። ይኼ ፊደልሽ ግን ምን ነው እንዲህ የደቀቀው? ወይ አወፍሪው፣ ወይ መነጽር ግዢልኝ።»

ገዛችላቸው። እሳቸውም ወደ ባሕራቸው ተመለሱ። አሁን የመጣችው፣ ጀልባ ላይ ረስተው ስለተቀመጡበት ልታስጠግነው ነው።

መነጽሩ ተጠግኖ ሲሰጣት አብረን ወጣን። በሩ ላይ ስንሰነባበት፣ «ዛሬስ ፊደሉ አልገጥም ቢልዎት?» አልኳት።

«መጀመሪያ ራሴን እጠረጥራለሁ፣ ቀጥሎ ኮምፒውተሬን፣ ከዚያ ዛጎሉን» አለች። «ጋሽ እርጥቡ ጋ ሳልደርስ ጡረታ ይወጣሉ።»